ነፍስ የለውም የተባለው አልበም፦ «ኮምፒውተር ወርልድ» እና የሠርጋችን ኪቦርድ

ጎንደር ውስጥ የሠርግ ሰሞን በመጣ ቁጥር አብሮ የሚመጣ ክርክር አለ። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ነገሩ ሙዚቃው ላይ ሲደርስ አባት «መሲንቆ የሚመታ አዝማሪ ይጠራ» ይላሉ፤ ሙሽራው ኪቦርድ ይፈልጋል። ኪቦርድ ወጪው ቀላል ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ። ከበሮውም፣ ክራሩም፣ ዋሽንቱም ከዚያው ሣጥን ይወጣል። የአባት መልስ ዘወትር አንድ ነው፦ «ይኼ ነገር ነፍስ የለውም።»

ሙግቱ የተጀመረው ግን እኛ ዘንድ አይደለም። ክራፍትቨርክ የተባለው የጀርመን የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ቡድን ገና ከመነሻው ሲነቀፍ የኖረው በዚሁ ነው፦ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ሰው የላቸውም፣ ማሽን ናቸው። ቡድኑ ለዚህ ነቀፌታ የሰጠው መልስ የባሰ ማሽን የሚመስል አልበም ማውጣት ነበር። «ኮምፒውተር ወርልድ» የተሰኘው ይህ አልበም የወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981፣ በእኛ ግንቦት 1973 ዓ.ም. ነው። ሰው የለበትም የተባለው ሙዚቃ ብዙም ሳይቆይ የጥቁር አሜሪካውያንን የጭፈራ ቤቶች ሞላ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ የአንድን አልበም ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሠርጋችንንም ክርክር የሚያፍታታ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክራፍትቨርክ በ1970 በዱሴልዶርፍ ከተማ ተመሠረተ። መሥራቾቹ ራልፍ ሁተር እና ፍሎሪያን ሽናይደር በሙዚቃ ትምህርት ላይ የተገናኙ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዱ ኦርጋን ይጫወታል፣ ሌላው ፍሉት ይነፋል። ያደጉት ጦርነት ባፈራረሳት ምዕራብ ጀርመን ነው። ሬድዮው የሚያሰማው የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈን ነበር፤ የአባቶቻቸው ዘመን ዜማ ደግሞ ናዚዎች እንዳሻቸው ሲጠቀሙበት ስለኖሩ ወደዚያ መመለሱ ለብዙ ወጣት የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ድምፅ ከደጃቸው ፈለጉ፤ ከአውራ ጎዳናው፣ ከባቡሩ፣ ከፋብሪካው። በ1974 ያወጡት «አውቶባን» በመኪና የሚደረግን ጉዞ በሃያ ሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ይተርካል። ርዝመቱ ተቆርጦ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር የአሜሪካ ሬድዮ ጣቢያዎች ተቀባበሉት፤ አልበሙም በዚያ አገር የሽያጭ ሠንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ያኔ ከተጻፉት ትችቶች አንዳንዶቹ ስለ ሙዚቃው ከማውራት ይልቅ የጦርነቱን ትዝታ እየቀሰቀሱ በጀርመናዊነታቸው መሳለቅን መርጠዋል።

ወደ አልበሙ ከመግባታችን በፊት መሣሪያዎቹን እንያቸው፤ ክርክሩ ያለው እነሱ ላይ ነውና። መሲንቆ ላይ ድምፁን የሚፈጥረው የፈረስ ጭራው ንዝረት ነው። ሲንተሳይዘር ውስጥ የሚንዘር ጭራ የለም፤ የሚንዘረው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ፍሰቱ በሴኮንድ 440 ጊዜ ሲርገበገብ ከድምፅ ማጉያው የፒያኖው «ላ» ይወጣል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ያው ድምፅ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ይሰማል። ጥሬው ድምፅ ሻካራ ነው። ስለዚህ በማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣሪያው ሲከፈት ድምፁ ይጮኻል፣ ሲጠብብ ይታፈናል። ሌላው ክፍል ድምፁ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚከስም ይወስናል። ድንገት ፈንድቶ ወዲያው ከጠፋ ጆሮ ከበሮ ነው ይላል፤ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ከቆየ ደግሞ በደጋን የሚገዘገዝ ጅማት ይመስላል። ኪቦርዱ ላይ «ዋሽንት» ወይም «ክራር» የሚል ቁልፍ ሲጫን የሚሆነውም በመሠረቱ ይህ ነው፤ በዛሬዎቹ መሣሪያዎች ላይ ከእውነተኛው መሣሪያ የተቀዳ ቅንጣቢ ድምፅ ይታከልበታል።

ሲኩዌንሰር የሚባለው ደግሞ የተጫዋቹን ጣት ይተካል። በተርታ የተቀመጡ ቦታዎች አሉት፣ ብዙ ጊዜ 16። በየቦታው የትኛው ድምፅ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይሞላል፤ ከዚያ መሣሪያው ሳይደክምና ሳይዛነፍ ከአንድ እስከ 16 እየቆጠረ ይመላለሳል። ድራም ማሽንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ጎንደሬ አድማጭ ክራፍትቨርክን ሰምቶ «አልያዘኝም» ቢል አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይገኛል። ሙዚቀኞቻችን ችክችካ የሚሉት የእስክስታ ምት በስድስት የሚቆጠር ነው፤ እያንዳንዱ ዋና ምት ውስጡ ለሦስት ይከፈላል። 16 ግን ለሦስት አይካፈልም። የክራፍትቨርክ ምት በአራት እየተቆጠረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትከሻ የሚንጠለጠልበት ቦታ ያጣል። ይህ የነፍስ ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ያንኑ መሣሪያ በ12 ቦታ ቢሞሉት ችክችካ ይወጣዋል። ሁለተኛው ምክንያት ቁልፎቹ ናቸው። የኪቦርድ አሥራ ሁለት ቁልፎች በእኩል ርቀት የተደለደሉ ናቸው፤ የመሲንቆ መቺ ጣት ግን በሁለት ቁልፎች መካከል በሚቀረው ክፍተት ላይ እየተንሸራተተ ነው ትዝታን ትዝታ፣ አንቺ ሆዬን አንቺ ሆዬ የሚያደርገው። ጎበዝ የሆነ የሠርግ ተጫዋች ይህን ስለሚያውቅ ግራ እጁ ከመሣሪያው ጥግ ካለችው ትንሽ ተሽከርካሪ አትለይም። እሷን ወደ ላይና ወደ ታች ባሽከረከራት ቁጥር ድምፁ ይጎብጣል፤ ሐዘኑ ያለው እዚያች ውስጥ ነው።

«ኮምፒውተር ወርልድ» ሰባት ክፍሎች ያሉት፣ 34 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ አጭር አልበም ነው። የስቱዲዮ አልበም ነው ሲባል በመድረክ ላይ የተቀዳ ሳይሆን በቀረጻ ክፍል ውስጥ ድምፅ በድምፅ ላይ እየተደራረበ የተሠራ ማለት ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ ስቱዲዮው ራሱ እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነበር። ክሊንግ ክላንግ የሚሉትን ይህን ክፍል ከሌሎቹ ሁለት የቡድኑ አባላት ከካርል ባርቶስ እና ከቮልፍጋንግ ፍሉር ጋር ሆነው ሲያሻሽሉና ተነቅሎ መድረክ ላይ እንዲተከል አድርገው ሲገነቡ ከቀደመው አልበማቸው በኋላ ሦስት ዓመት አለፈ። የሽፋኑ ቀለም ቢጫ ነው። በላዩ አንድ የኮምፒውተር ማሳያ ይታያል፤ በማሳያው መስኮት ውስጥ የአራቱ ሙዚቀኞች ጭንቅላት ተሥሏል።

የሚገርመው፣ አልበሙ ሲሠራ ቡድኑ ኮምፒውተር አልነበረውም። ሁተር ኋላ እንደተናገረው ኮምፒውተር እጃቸው የገባው አልበሙ ካለቀ በኋላ ነው። የነበራቸው ሲንተሳይዘር፣ ሲኩዌንሰር እና ከሱቅ የተገዛ ዕቃ ነው። «ፖኬት ካልኩሌተር» የተባለውን ዘፈን ቀረብ ብላችሁ ብትሰሙት ከዋናው ዜማ ጎን እንደ ጫጩት የሚጮሁ ቀጫጭን ድምፆች ታገኛላችሁ። እነዚህ ድምፅ ከሚያወጣ የካሲዮ የሒሳብ ማሽን እና በብዕር መሰል ዘንግ እየተነካካ ከሚጫወት ስታይሎፎን ከሚባል የልጆች መሣሪያ የተገኙ ናቸው። የዘፈኑ ግጥም ከአምስትና ስድስት ስንኝ ብዙም አያልፍም፤ ሰውየው ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ አንድ ቁልፍ ሲጫን ትንሽ ዜማ ይወጣል፣ አለቀ። በመድረክ ላይ ሲጫወቱት መሣሪያውን ወደ ታዳሚው ዘርግተው ፊት የቆሙት ሰዎች ቁልፉን እንዲጫኑ ያደርጉ ነበር። ቀዝቃዛ ተብለው የተወቀሱ ሰዎች ያደረጉት ጨዋታ ነው። እኔ ይህን ዘፈን ሳልስቅ ሰምቼው አላውቅም።

የአልበሙ መክፈቻ ግን ጨዋታ አይደለም። ኢንተርፖል፣ ዶይቸ ባንክ፣ ኤፍቢአይ እና ስኮትላንድ ያርድ በስም ይጠራሉ፤ ፖሊስና ባንክ በአንድ ትንፋሽ። ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አልነበረም። በ1970ዎቹ የምዕራብ ጀርመን ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ፖሊስ በኃላፊው በሆርስት ሄሮልድ መሪነት የታጠቁ ቡድኖችን አባላት በኮምፒውተር ማደን ጀምሮ ነበር። ዘዴው እንዲህ ነው፦ በሐሰት ስም ቤት የተከራየ ሰው የመብራት ሒሳቡን በባንክ በኩል መክፈል አይመቸውም፤ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል። ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ ደንበኞች ዝርዝር ይወሰድና ከነዋሪዎች መዝገብ፣ ከመኪና ባለቤቶች እና ከሌሎችም ሕጋዊ ዝርዝሮች ጋር ይመሳከራል። በየትኛውም መዝገብ የሌለ ስም ተጠርጣሪ ነው። ለእኛ የመብራት ሒሳብ በስልክ የሚከፈለው አሁን በቅርቡ ነው፤ ምቾቱን ሁላችንም ወደነዋል፤ ከክፍያው በስተጀርባ የሚቀመጠውን መዝገብ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዱሴልዶርፎች በ1981 ያሰቡት ይህንን ነበር፤ ያሰቡትንም ያለ ቁጣ፣ ሰው በሚጨፍርበት ዜማ አስቀመጡት።

«ኮምፒውተር ላቭ» ደግሞ ብቻውን ማሳያ ፊት ተቀምጦ የፍቅር ቀጠሮ የሚሻን ሰው ይተርካል። በ1980 የጀርመን ፖስታ ቴሌቪዥንን ከስልክ መስመር ጋር አገናኝቶ ጽሑፍ የሚያስተላልፍ አገልግሎት በሙከራ ሲጀምር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የእነሱው ዱሴልዶርፍ ነበር። ትንቢት የሚመስለን ነገር ለእነሱ የሰፈር ወሬ ነበር ማለት ነው። የዘፈኑ ዜማ ከአልበሙ ሁሉ ውብ ነው፤ ኮልድፕሌይ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ2005 ባወጣው አልበም ውስጥ በፈቃድ ወስዶ ሌላ ዘፈን ሠርቶበታል።

አቀባበሉስ? በወጣበት ሰሞን አልበሙ በእንግሊዝ 15ኛ ደረጃ ደረሰ፤ በአሜሪካ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ቀረ። መጥፎ አይደለም፤ ዓለምን የቀየረ ሙዚቃ ውጤት ግን አይመስልም። «ኮምፒውተር ላቭ» በነጠላ ዜማነት ሲወጣ በሸክላው ጀርባ «ዘ ሞዴል» የተባለ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የወጣ ዘፈን ተደርጎ ነበር። የሬድዮ አቅራቢዎች ሸክላውን ገልብጠው ጀርባውን ማጫወት ያዙ። ኩባንያው እንደገና ሲያሳትመው በየካቲት 1982 በእንግሊዝ አንደኛ ሆነ። አሮጌው ዘፈን አዲሱን አልበም ቀደመው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የተቀየረው ዘፈኑ ሳይሆን ጆሮው ነው፤ በመካከሉ የእንግሊዝ ወጣቶች ራሳቸው ሲንተሳይዘር ገዝተው ቡድን መሥርተው ነበርና።

ትልቁ አቀባበል ግን ከአውሮፓም አልመጣም። «ነምበርስ» የሚባለው ክፍል ዘፈን ለመባል እንኳ ያስቸግራል፤ ማሽን መሳይ ድምፆች በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጣሊያንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በሩሲያኛ ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ከሥር ባርቶስ የፈጠረው ደረቅና ዘላይ ምት ይመታል። ይህን ምት የኒው ዮርክ ብሮንክስ ወጣቶች ለጭፈራ ወሰዱት። በ1982 አፍሪካ ባምባታ እና ሶልሶኒክ ፎርስ ያወጡት «ፕላኔት ሮክ» የ«ነምበርስ»ን ምት እና «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ከተባለው የ1977 ሥራ የተገኘውን ዜማ በአንድ ላይ አጣምሮ ከሂፕ ሆፕ መሠረቶች አንዱ ሆነ። በዲትሮይትም ሬድዮ አልበሙን ደጋግሞ ያሰማ ነበር፤ ሲሰሙ ያደጉት ወጣቶች ኋላ ቴክኖ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠሩ። የመኪና ፋብሪካ ከተማ ልጆች ከሌላ የፋብሪካ አካባቢ የመጣን ድምፅ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

በአዝማሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ ከመቀመጫው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በመሲንቆው ያዜመዋል፤ ሌሊቱ ሲገፋ የትኛው ስንኝ የባለሙያው፣ የትኛው የእንግዳው እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ብሮንክስ ውስጥ የሆነው ይህ ነው፤ ልዩነቱ ግጥም ሰጪውና ዘፋኙ በባሕር የተለያዩ መሆናቸው ብቻ ነው። የሃያስያን ግምገማ የአቀባበል አንድ ክፍል ነው፣ ሽያጩም አንድ ክፍል ነው፤ አንድን አልበም በሕይወት የሚያቆየው ግን ከእሱ ተነሥቶ ሌላ ነገር የሚሠራ አድማጭ ነው።

እርግጥ ነው፣ ሕግ የሚባል ነገርም አለ። ክራፍትቨርኮች ከ1977ቱ ሥራቸው የሁለት ሴኮንድ ምት ቀድቶ በ1997 በወጣ የጀርመን ራፕ ዘፈን ውስጥ ደጋግሞ በተጠቀመ አቀናባሪ ላይ ክስ መሥርተው ለአሥርተ ዓመታት ተካስሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እንዳለው ከሌላ ሰው ቀረጻ አጭር ቅንጣቢም ቢሆን ያለ ፈቃድ መውሰድ የሚቻለው ተለውጦ በጆሮ የማይለይ ሲሆን ነው። በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ የጎንደር ወጣቶች ይህን ቢያውቁት አይጎዳም።

አሁን ወደ «ነፍስ የለውም» እንመለስ። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ አባቶች የሚሰሙት ጉድለት እውነት ነው፣ ስሙን ግን ተሳስተዋል። የሠርጉ ኪቦርድ የሚያስከፋው ማሽን ስለሆነ አይደለም፤ ማሽን አይደለሁም ስለሚል ነው። ዋሽንት ሳይሆን ዋሽንት ነኝ ይላል፣ ከበሮ ሳይሆን ከበሮ ነኝ ይላል፤ እውነተኛውን ዋሽንት የሚያውቅ ጆሮ ደግሞ አይሸነገልም። ክራፍትቨርኮች ሲንተሳይዘሩን ቫዮሊን ሁን ብለው አላስገደዱትም። ጠቅ የሚለው ጠቅ እንዳለ፣ የሚጮኸው እንደጮኸ ቀረ፤ ራሳቸውም መድረክ ላይ እንደ አሻንጉሊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ማሽኑ ማሽን ሲሆን የሰው ድርሻ የት እንዳለ ጎልቶ ይታያል፤ ምርጫው ውስጥ፣ ዝምታው ውስጥ፣ ዜማው ውስጥ።

ከእኛው ወገን ይህን ያደረገ ሰው ነበር። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ የሄደው «ኮምፒውተር ወርልድ» በወጣበት በዚያው በ1981 ነው። ጥቂት የባንዱ አባላት እዚያው ቀሩ፤ እሱም አንዱ ነበር። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት ቀዳ። አኮርዲዮን አለ፣ ሲንተሳይዘር አለ፣ ከሥር ደግሞ ድራም ማሽን ይመታል። ድራም ማሽኑ ከበሮ ነኝ አይልም፤ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ይሄዳል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ ያለቅሳል። ካሴቱ በጊዜው ከኢትዮጵያውያን መካከል ብዙም ሳይወጣ ቀረ፤ ኃይሉም በዚያው ከተማ የታክሲ ሹፌር ሆነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አገኘው። በ2013 እንደገና ሲታተም የውጭ ሃያስያን ይበልጥ የወደዱት ያንኑ ባዶ፣ ቀጥ ያለ የማሽን ምት ነው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ክራፍትቨርኮችም ዘግይቶ የመጣ ክብር አላጡም። በ2012 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ስምንት አልበሞቻቸውን በስምንት ምሽት እንዲያቀርቡ ጋበዛቸው። ሽናይደር በ2020 አረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ቡድኑን ከቀደምት ፋና ወጊዎች ተራ አስገባው።

ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው ክፍል ባይጀምር እመክራለሁ። በ«ኮምፒውተር ላቭ» ይጀምር፤ ዜማው እጅ ይዞ ያስገባል። ከዚያ «ነምበርስ»ን፣ ወዲያው ቀጥሎ «ፕላኔት ሮክ»ን፣ በመጨረሻ «ሸሞንሟናዬ»ን ያዳምጥ። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ይመረጣል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ አይሰማም፣ እሱ ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ነገር ጠፋ ማለት ነው። «ነምበርስ» ላይ ሲደርስ ከምቱ ጋር ለማጨብጨብ ይሞክር። እስክስታ የለመደ ትከሻ መጀመሪያ ላይ ይደናገራል፤ ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ እግር ሥራውን ይጀምራል።